ቦራን ማን ጋለበው?

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ሸዋረጋ ለራሷ።

ከገሊላ በተዋሰችው የሒሳብ ደብተር መሃል፣ በክር የታሰረ የፈረስ ጭራ ተጋድሟል። ረጅም ነው፣ ጥቁር ነው፣ ጫፉ ላይ ቀላ ይላል። በመንደራቸው ፈረስ ሞልቷል፤ ጥቁር ሆኖ ጫፉ የሚቀላ ጭራ ያለው ግን አንድ ብቻ ነው። እሱም ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት የነሸዋረጋ ፈረስ፣ ቦራ ነው።

ደብተሩን ቶሎ ከደነችው። ከዘጠነኛ «ለ» ክፍል መስኮት ውጭ ገሊላ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ቆሎ ትቆረጥማለች። ምንም ያልሠራ ሰው ትመስላለች። ምንም ያልሠራ ሰው መምሰል ደግሞ፣ እንደ ሸዋረጋ አባት አነጋገር፣ ዋናው የጥፋተኛ ምልክት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦራ ከእሑድ ጀምሮ ግራ የፊት እግሩን ያነክሳል፤ ሸዋረጋም ይህን ሳምንት በእግሯ ነው የምትመጣው። ቅዳሜ የሸዋረጋ ቤተሰብ በሙሉ ለክርስትና ሌላ መንደር ሄዶ ነበር፤ ፈረሱ መስክ ላይ ለብቻው ዋለ። ሰኞ ዕለት ሸዋረጋ ገሊላን «ቅዳሜ የት ዋልሽ?» ስትላት፣ «ቤት፤ ልብስ ሳጥብ» አለቻት። የክፍላቸው ልጅ ሳሌም ግን በዚያው ቅዳሜ ገሊላ ከመስኩ ቁልቁል ስትወርድ በዓይኗ አይታታለች። አሁን ደግሞ ጭራ። ኧረ ምን ቀረ!

ቦራ ለሸዋረጋ እንዲሁ ፈረስ አይደለም። ከመንደራቸው ትምህርት ቤቱ እስካለበት እስከ መሐል ሜዳ ከተማ በእግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ዳገቱ አለ፣ ነፋሱ አለ፣ የጠዋቱ ውርጭ አለ። አባቷ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ስታልፍ «እንግዲህ በቦራ ሂጂ» አሏት። ጠዋት ከተማው ውስጥ ባለው የአክስቷ ግቢ ታስረዋለች፣ ወደ ክፍል ትገባለች፣ ማታ በሱ ትመለሳለች። ገሊላ እዚያው መንደር ናት፤ ግን በእግሯ ነው የምትመጣው። ስትቀና ኖራ ይሆን? ሸዋረጋ እስከ ዛሬ አስባው አታውቅም። አንዴ ካሰበችው ወዲህ ግን የገሊላ ሳቅም፣ ዝምታም፣ ደብተር ማዋስም ሳይቀር ቅናት መሰላት።

ወጥታ ፊቷ ቆመች።

«ቅዳሜ ቤት ነበርሽ አይደል?»

«ነበርኩ አልኩሽ እኮ።»

«ማርያምን በይ።»

ገሊላ ቆሎውን መቆርጠም አቆመች። ማርያምን አላለችም።

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?» ሸዋረጋ ደብተሩን ከፈተችው።

የገሊላ ፊት ተለዋወጠ። ጭራውን ነጥቃ ኪሷ ከተተችው። «ያንቺን ፈረስ አልጋለብኩትም።»

«ጋለብሽው መቼ አልኩሽ?»

«ሸዋዬ፣ ተይኝ በናትሽ። ልነግርሽ አልችልም፤ ግን አልጋለብኩትም።»

«ልነግርሽ አልችልም» ብሎ ነገር አለ? ሸዋረጋ ደሟ ፈላ። ከሰዓት በኋላ ለሳሌም ነገረቻት። ለሳሌም መንገር ማለት በሰልፍ ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ መናገር ማለት ነው፤ ትምህርት ሳያልቅ ክፍሉ በሙሉ «ፈረስ ሌባዋ» እያለ ሙድ ይይዝባት ጀመር። ገሊላ ቀና ብላ አላየችም። ሸዋረጋ ትንሽ ከነከናት። ግን እውነት ከሆነ ምን ታድርግ?

አባቷ አቶ ወንዳፈራሁ ሲፈጥራቸው ጠርጣራ ናቸው። ወተት ቢቀጥን፣ በግ ቢያስል፣ ገብስ ቢጠወልግ ከጀርባው አንድ ሰው አይጠፋም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ከአባታችን ሆይ ቀጥለው የሚደግሟት ይመስላል። የጭራውን ነገር ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔስ ምን አልኩ! ከእሑድ ጀምሮ ሰው ጋልቦታል እያልኩ አልነበር? ቁልቁል ለቃዋለች፤ ትከሻውን አስለቅቃዋለች። ቅዳሜ ጠዋት መኳንንት መጥቶ ይተኩሰዋል፤ አለቀ።»

ጋሽ መኳንንት ከብት በመተኮስ የታወቁ ሰው ናቸው። ማጭድ እሳት ውስጥ ከተው፣ እስኪቀላ ጠብቀው፣ የሚያነክሰውን እንስሳ አራት ሰው ያጋድምላቸውና ቆዳውን ጭረት በጭረት ያቃጥሉታል። ሸዋረጋ አንድ ጊዜ በቅሎ ሲተኩሱ አይታለች። በቅሎዋ የጮኸችው ጩኸት ለሳምንት ከጆሮዋ አልወጣም። ቦራን በዚያች በቅሎ ቦታ ስታስበው እንባዋ መጣ፤ ይሄም በገሊላ ምክንያት እንደሆነ ስታስብ እንባው ወደ ንዴት ተለወጠ።

ሐሙስ ማታ አባቷ ወደ ገሊላ እናት ወደ ወይዘሮ በዛወርቅ ቤት ሄደው ተመለሱ። ጋቢያቸውን እያወለቁ ሳቁ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«ልጅቱ ምን ብትል ጥሩ ነው? ጭራውን የነቀልኩት ለመሰንቆ ነው አለች። ተደብቃ መሰንቆ ስትሠራ ነበር አሉ። እናትየዋ 'አዝማሪ ልትሆኚብኝ ነው?' ብላ ከአልጋ ሥር አውጥታ እፊቴ ሰባበረችው።»

ሸዋረጋ የያዘችውን ኩባያ አስቀመጠች። «እና... እውነት ይሆን እንዴ?»

«ምኑ? ጭራ ሊነቅል የሄደ ሰው፣ ማንም በሌለበት መስክ ሳይወጣበት ይመለሳል? ሰበብ ነው። መሰንቆውም ሰበብ ነው።»

ከአልጋ ሥር የወጣ መሰንቆ እንዴት ሰበብ እንደሚሆን ሸዋረጋ አልገባትም። ማታ ተኝታ አንድ ሐሳብ መጣላት። ማስረጃ ያስፈልጋል። ሐኪም ያየው፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት። ያኔ ገሊላም ትፋጠጣለች፣ የሚከነክናትም ነገር ይለቃታል።

ዓርብ ጠዋት ቦራን በገመድ እየሳበች ከተማ ወረደች። አልወጣችበትም፤ ቦርሳዋን ለማንጠልጠል ብቻ ኮርቻውን ጭናበታለች። የእንስሳት ሐኪሟ ብርነሽ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰች ወጣት ናት። አንድ ገበሬ ከነፍየሉ ሸኝታ ወደ ሸዋረጋ ዞረች።

«ወረቀት ፈልጌ ነው ዶክተር» አለች ሸዋረጋ። «ሰው ያለ ፈቃድ ጋልቦ እንደጎዳው የሚገልጽ።»

ብርነሽ ሳቋን ዋጠች። «እኔ ፈረስ ነው የማየው፤ ፖሊስ አይደለሁም። እስቲ ኮርቻውን አውርጂና አስኪጂው።»

አስኬደችው። ብርነሽ ኮቴውን አንስታ በጉጠት ጫን ጫን አደረገችው፤ ቦራ ግድም አልሰጠው። እግሩን ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው፤ እብጠት የለም፣ ትኩሳት የለም። ትከሻውን ጠመዘዘች፣ ጎተተች፤ ምንም የለም። ከዚያ ወደ ጀርባው ሄደች። በግራ በኩል ቆዳውን በጣቶቿ ስትገፋው ወዲያና ወዲህ ተንሸራተተ። በቀኝ በኩል ገፋችው፤ አልሄደም። ደግማ ስትገፋው ቦራ ጆሮውን አጋድሞ ጀርባውን አሸሸ።

«ይኸውልሽ። እዚህ ነው የታመመው።»

«ኧረ ዶክተር! የሚያነክሰው የፊት እግሩን ነው፤ ያውም ግራውን።»

«የሚያነክሰው ሌላ፣ የታመመው ሌላ። በግ ሲገፈፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«መንዝ ተወልጄ?»

«ቆዳው ሲላቀቅ ከሥሩ ነጭ፣ ስስ፣ እርጥብ ሽፋን አለ አይደል? አባትሽ ቡጢያቸውን የሚያስገቡበት።»

«አለ።»

«እሱ ሽፋን ቆዳና ሥጋ መለያ ብቻ አይምሰልሽ። ጡንቻውን ሁሉ ይጠቀልላል። ከአናቱ እስከ ኮቴው፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ የተያያዘ ነው። ነይ ወዲህ።» የሸዋረጋን ሹራብ ከታች፣ በቀኝ ወገቧ በኩል ይዛ ቁልቁል ጎተተችው። «ግራ እጅሽን አንሺ።»

ሸዋረጋ ልታነሳ ሞከረች። ሹራቡ ግራ ትከሻዋ ላይ ጨምድዶ ያዛት።

«የያዝኩሽ የት ነው? የጨነቀሽስ የት ነው?» አለች ብርነሽ ለቀቅ እያደረገቻት። «ቦራም እንዲሁ ነው። ያ ሽፋን በአንድ በኩል ሁልጊዜ ሲጫኑት ይደርቅና ይጣበቃል። ፈረሱ ሕመሙን ሲሸሽ አቋሙን ያጣምማል፤ ተጣሞ ሲሄድ ሲሄድ ደግሞ ማነከስ ይመጣል። ይሄ የአንድ ቀን ግልቢያ ሥራ አይደለም፣ እኅቴ። የወራት ነው። ሲወጡበት ጆሮውን ማጋደም የጀመረው መቼ ነው?»

ሸዋረጋ መልሱን ታውቀዋለች። ከጥምቀት ወዲህ ነው። ጠባዩ ተበላሸ ብላ በአለንጋ ነክታውም ታውቃለች።

ብርነሽ ወደ ኮርቻው ጎንበስ አለች። ሁለቱን እርካቦች ጎን ለጎን አድርጋ ወጠረቻቸው። ግራው ከቀኙ አጥሮ ቀረ። ጣቷን ደረደረችበት፤ አራት ጣት። የግራው ጠፍር መሃል ላይ ወፍራም ቋጠሮ አለ።

«አየሽ? አንዱ እግር ሲያጥር የሚቀመጠው ሰው ያጋድላል፣ ኮርቻውም አብሮት ወደ ቀኝ ይጫናል። ይህን ጠፍር ማን ቋጠረው?»

«አላውቅም» አለች ሸዋረጋ።

አላውቅም! እንዴት አታውቅም? ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ከወፍጮ ስትመለስ ጠፍሩ የተበጠሰው በእሷ እግር ነው። አባቷ «ዕቃ ካበላሸሽ ፈረሱን አታዪውም» ብለው አስጠንቅቀዋት ስለነበር፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ በጥርሷ ሳይቀር እየጎተተች ቋጥራዋለች። ለሳምንት ያህል ግራ እግሯ ሰቀል ብሎ አስቸገራት፤ ከዚያ ለመደችው። ቦራ ለካ አልለመደውም።

ብርነሽ ትንሽ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ኮርቻውን መለሰችላት። «ጠፍሩ ይስተካከል። ለስድስት ሳምንት ማንም አይውጣበት። በገመድ ይዘሽ ዳገት ዳገቱን አንሸራሽሪው፤ ጠዋትና ማታ እዚህ ጋ በመዳፍሽ እሺው። ካልተሻለው መልሰሽ አምጪው።»

«አባቴ ነገ ሊያስተኩሱት ነው። ትከሻውን።»

«ያልታመመውን?» ብርነሽ ቅንድቧ ተሰቀለ። «የተተኮሰ ቆዳ ሲድን ከሥሩ ካለው ጋር ይጣበቃል እኮ። አሁን የተያዘው አንድ ቦታ ነው፤ ያኔ ሁለት ይሆናል። እንግዲህ ለአባትሽ ንገሪያቸው።» ከዚያ እስክሪብቶዋን አወጣች። «ወረቀቱንስ ምን ብዬ ልጻፍልሽ?»

«ተዉት» አለች ሸዋረጋ መሬት መሬቱን እያየች።

ማታ ለአባቷ ነገረቻቸው፤ ግን ግማሹን። «ሐኪሟ አይተኮስ፣ ይረፍ ብላለች» አለች።

«ሐኪሟ!» አሉ አቶ ወንዳፈራሁ። «እሺ፣ ገሊላ ካልጋለበችው በምን አነከሰ? እሱን ነግራሻለች?»

ሸዋረጋ አፏን ከፈተች። እናቷ ከጓዳ ቀና ብለው አዩዋት። እውነቱን ብትናገር ፈረሱን አታየውም፤ ቦራ ቢድንም ያ ዳገት በየቀኑ በእግሯ ነው። ክፍል ውስጥስ? «ፈረስ ሌባ» ያሰኘቻት እሷ፣ ፈረስ አጥፊዋ እሷው! አፏን መልሳ ዘጋች። አባቷ «አየሽ?» ብለው ወደ እሳቱ ዞሩ።

ቅዳሜ ስትነቃ ግቢው ጢስ ጢስ ይላል። ጋሽ መኳንንት በጠዋት መጥተው እሳቱ ዳር ተቀምጠዋል፤ የማጭዱ ጫፍ ፍም ውስጥ ገብቷል። ሦስት ጎረቤቶች ጠፍር ይዘው ቆመዋል። ቦራ ከግንዱ ታስሮ ገለባ ያመነዥካል፤ እሳቱ ለማን እንደሚነድ አያውቅም። ግራ እግሩን ሰቀል አድርጎ አሳርፎታል።

ሸዋረጋ በሩ ላይ ቆማ ማጭዱ ሲቀላ አየች። አሁን ካልተናገረች ከዚህ በኋላ መናገሯ ለማንም አይጠቅምም። ወደ ቤት ተመልሳ ገባችና ኮርቻውን ተሸክማ ወጣች፤ አባቷ እግር ሥር ጣለችው።

«አባዬ፣ እርካቡን ይለኩት።»

«ምን?»

«ሁለቱን እርካብ። ይለኩት።»

አቶ ወንዳፈራሁ ግራ ተጋብተው ጎንበስ አሉ። ወጠሩት፣ በጣታቸው ለኩት። ከዚያ ቋጠሮውን አገኙት።

«ይሄ የማን ሥራ ነው?»

«የኔ። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ተበጥሶብኝ ነው የቋጠርኩት። ይቆጡኛል ብዬ ደበቅሁ። ጀርባውን በቀኝ በኩል ይንኩት፤ ቆዳው ተጣብቋል። ትከሻው ምንም አልሆነም። ገሊላም አልጋለበችውም።» በአንድ ትንፋሽ ነው ያለችው።

አባቷ አላመኗትም፤ የገዛ ልጃቸውንም ቢሆን መጠርጠር ልማዳቸው ነው። ወደ ቦራ ሄደው ጀርባውን በመዳፋቸው ገፉት፤ በግራ ገፉት፤ እንደገና በቀኝ። ስንት በግ የገፈፈ እጅ ነው፤ ልዩነቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ቦራ ጆሮውን አጋድሞ ሸሻቸው።

«ሦስት ወር ሙሉ!» አሉ ዞረው። «ሦስት ወር ሙሉ አንቺ ታጣምሚዋለሽ፤ እኔ የሰው ልጅ ቤት ድረስ ሄጄ...»

ቃሉን አልጨረሱትም። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ መኳንንት ማጭዱን ከፍሙ አወጡትና አገላብጠው አዩት።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ» አሉ። «ይሄን ሁሉ እንጨት አንድጄ፣ ፈረሱ ካልተተኮሰ እንግዲህ ማንን ልተኩስ?»

የሳቀ ሰው የለም። አቶ ወንዳፈራሁ ገመዱን ፈቱት። «ስድስት ሳምንት አለች ሐኪሟ? እሺ፣ ስድስት ሳምንት። ካልዳነ ማጭዱ የትም አይሄድም።» ከዚያ ሳያዩዋት፣ «እንግዲህ በእግርሽ። ቢድንም በእግርሽ። ሌላውን እናያለን» አሉ።

ሸዋረጋ ሄዳ የቦራ ጀርባ ላይ መዳፏን አሳረፈች፤ ቀስ አድርጋ ገፋችው። ቆዳው ለዛሬ አልተንሸራተተም።

ሰኞ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣች። ነፋሱ ፊት ይልጣል። መንታ መንገዱ ላይ ቆማ ጠበቀች፤ ገሊላ ነጠላዋን ተከናንባ መጣች፤ አይታ እንዳላየች አለፈቻት። ሸዋረጋ ተከተለቻት። ዳገቱን እስኪጨርሱ ሸዋረጋ መናገር ብትፈልግም ትንፋሽ አልነበራትም።

ዳገቱ አናት ላይ፣ «ገሊላ፣ ይቅርታ» አለች እያለከለከች። «አንቺ አልጋለብሽውም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ኮርቻውን። አሁን አውቄያለሁ።»

ገሊላ ዞረች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔማ እንዳልጋለብኩት ድሮም አውቃለሁ። ለነገርሻቸው ንገሪያቸው።»

ይህን ብላ መንገዷን ቀጠለች። ሸዋረጋ ከኋላዋ እየሄደች ወሬው የደረሳቸውን በሐሳቧ ቆጠረች። አባቷ አንድ፤ እሳቸው ያውቃሉ። ወይዘሮ በዛወርቅ ሁለት፤ ዛሬ ማታ፣ ከባድ ነው፣ ግን ዛሬ ማታ። ሳሌም ሦስት። ከሳሌም በኋላ ቁጥሩ ጠፋባት።

ዘጠነኛ «ለ» ስትደርስ ክፍሉ ሞልቷል። ገሊላ ከድሮ ቦታቸው ለቃ፣ ኋላ ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከመካከለኛው ረድፍ አንዱ እንደ ፈረስ አሽካካ፤ ሳቅ ተነሣ። ሳሌም እጇን እያውለበለበች ከጎኗ ያለውን ወንበር መታ መታ አደረገች።

«ሸዋ፣ ነይ! ይዤልሻለሁ! ደግሞ ምን አዲስ ነገር አለ?»

«አለ» አለች ሸዋረጋ። ወደ ወንበሩ አልሄደችም። ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመች፣ ወደ ክፍሉ ዞረች፣ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።